አንገት ላይ የምትንጠለጠለው እንጨት

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልጁን ሊያይ የመጣ አባት በትምህርት ቤታችን በር ላይ በቆመ ቁጥር ግን ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ።

የማስተምረው ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ተከራይተው በኮምፔንሳቶ ከፋፈሉትና ስድስት ክፍል አወጡለት። ክረምት ሲገባ ግድግዳው አሁንም ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ይሸታል። ቤተ ሙከራ የለን፣ ሜዳ የለን። የምንኮራው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቻችን ግቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር አይናገሩም። ወላጅም ልጁን የሚያመጣልን ለዚሁ ነው።

ዘዴው የእኔ ነበር። ትንሽ እንጨት በገመድ አሰርኩ። ጌዴኦኛ ወይም አማርኛ ያመለጠው ልጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፤ ሌላ ተናጋሪ እስኪይዝ ድረስ አያወልቃትም። ወደ ቤት ሲለቀቁ እንጨቷ የተገኘችበት ልጅ በማግስቱ ሰልፍ ፊት ይቆማል፣ ይሳቅበታል። ባለቤቱ አይተው "ጎበዝ!" አሉኝ። እኔም ተነፋሁ።

ምሕረት የቡሌ ገጠር ልጅ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ዲላ አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። አንድ ሳምንት ሁለቴ ሰልፍ ፊት ቆማ አልቅሳለች።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አባቷ መጣ። ከስቷል፤ ጋቢውን ተከናንቦ የበሩን ብረት ይዞ ቆመ። ከጌዴኦኛ ሌላ አይችልም። "ደህና ነሽ ወይ ልጄ?" አላት። ምሕረት ዝም። ደግሞ ጠየቃት። እሷ ግን ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። እንጨቷ እጄ ላይ ነበረች።

ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" የሚለው ዘበኛችን ጠጋ አለኝ። "ቲቸር፣ ባክሽ ፍቀጂለት፣ ይናገር። አባቱ አሞታል፣ ሐዋሳ ሆስፒታል እየሄደ ነው። መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል።"

እሺ ልል ነበር። ግን ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል፤ ባለቤቱም ከቢሯቸው በራፍ ላይ ቆመው ያዩኛል። "ሕግ ሕግ ነው" አልኩ። እኔም እኮ የጌዴኦ ልጅ ነኝ! አባትየው የሚለው አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ተቀየመችኝ እንዴ? እዚህ ትቻት ስለሄድኩ ነው?" ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው። ዘበኛው ባለቤቱን አየና አቀረቀረ። አባትየው ወደ መኪናው ሄደ። ከሐዋሳ የተመለሰው አስከሬኑ ነው።

እንጨቷን በዚያው ሳምንት እሳት ውስጥ ጨመርኳት። ባለቤቱ ሌላ አሠሩ፤ ያውም ቀለም የተቀባች። እኔም ሌላ ሥራ አላገኘሁምና እዚያው አለሁ።

ምሕረት አሁን በእንግሊዝኛ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ናት። ወላጅ በተሰበሰበ ቁጥር መድረክ ላይ የምትወጣው እሷ ናት፤ ይጨበጨብላታል። ባለፈው ወር ከግቢ ውጭ ብቻዋን አገኘኋትና በጌዴኦኛ "ይቅር በይኝ ልጄ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። በጥሩ እንግሊዝኛ "አልገባኝም፣ ቲቸር" ብላኝ መንገዷን ቀጠለች።

ከእንግዲህ ይቅር ትለኛለች ብዬ አልጠብቅም። ብትለኝስ ምን ይጠቅማል? አባቷ ያንን ጥያቄ እንደያዘ ሄዷል፤ አልተቀየመችህም ብሎ የሚነግረው የለም።