በቅቤ ያነከሰችው ቀስት

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ከአንኮበር የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። የደበቀኝ ቅቤ ነው።

ለምን እንደወጣሁ ብዙ አልጽፍም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። አንድ ቀን የሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር በታይፕ እንድጽፍ ተሰጠኝ። ከስሞቹ አንዱ የወንድሜ ነበር። ዘለልሁት፤ እንዲሸሽም መልእክት ላክሁበት። እሱ በዚያው ሳምንት ጠፋ፤ የጎደለው ስም ሲታወቅ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ፤ አንኮበር ወደ እናቴ ቤት ሸሸሁ።

እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና እስከ ክርኔ ድረስ ለጋ ቅቤ ቀባችኝ፤ ከዚያ ፀጉሬን። «የሰው አገር ብርድ እጅሽን እንዳይሰነጥቀው» አለች። መጀመሪያ የምወርደው ወደ ቆላ እንደሆነ ብነግራትም አልሰማችኝም። በትንሽ ቅል ደግሞ ጨምራ አስያዘችኝ።

ይዘውኝ የሄዱት የአባቴ ወዳጅ የነበሩት የአሊዩ አምባው ነጋዴ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከበቅሎዎቻቸው ጋር ቁልቁል በወረድን ቁጥር ቅቤው እየቀለጠ ባንገቴ ይንቆረቆራል። ኬላው ላይ አንድ ወታደር አስቆመን።

«ይቺ ማን ናት?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ምነው እንዲህ ቅቤ በቅቤ ሆነች?»

«ሙሽራ ናታ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

«ባሏስ?»

«ታች ግመል ይዞ እየጠበቀ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያስ ቶሎ ያድርሷት፤ ቀልጣ ማለቋ ነው» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ውለጂ ክበጂ!» ብሎ መረቀኝ።

በረሃውን፣ ጅቡቲን፣ እዚያም ስንት ወር እንደጠበቅሁ ልዝለለው። መዝለል ለምጃለሁ።

ያረፍሁት ስዊዘርላንድ፣ ሰዓት ሠሪዎች በሞሉባት ተራራማ ከተማ ነው። ብርዱ ከደብረ ብርሃን አይለይም፤ የደብረ ብርሃኑ ግን ረፋድ ላይ ይለቃል፤ የዚህኛው ኅዳር ገብቶ ሚያዝያ ነው የሚወጣ። ላሞቻቸው አንገታቸው ላይ ደወል አላቸው፤ ሰዎቻቸው ድምፅ የላቸውም። ቅቤያቸው እንደ ሳሙና ተቆርጦ በወረቀት ይጠቀለላል። በቅሉ ያመጣሁት ካለቀ ወዲህ፣ ቅቤ መቼም ቅቤ ነው ብዬ ያንኑ እየገዛሁ ማታና ጠዋት እቀባ ነበር። ገላ ላይ ሲያድር የየትም አገር ቅቤ ይሸታል። አንድ ጠዋት የቤት አከራዬ ማዳም ክሎቲልድ በሬን አንኳኩ።

«ማድሟዜል፣ ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነው ብዬሽ ነበር።»

«አላበሰልሁም።»

«ታዲያ ይህ ሽታ የምንድን ነው?»

«የእኔ ነው።»

የቤቱን ደንብ አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔን የሚከለክል አንቀጽ ስላጡ መስኮት እንድከፍት ብቻ አዘዙኝ።

ሥራ ያገኘሁት በአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ዛሬ ላፕቶፕ የምትሉት ኮምፒውተር ገና መምጣቱ ነበር፤ ጉልበት ላይ ሲያስቀምጡት ጉልበት ያደነዝዛል። መስታወቱ ላይ የምትታየውን ቀስት የሚነዳው ማውስ ደግሞ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ባቡር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጠረጴዛ ከየት ያመጣል? ስለዚህ አለቃዬ፣ መሐንዲሱ ሙሴ ሉሲየን፣ ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ የምትገጠም፣ ብይ የምታህል ኳስ ያለባት ትንሽ ዕቃ ይሠሩ ነበር። ኳሷን በጣት ሲያንከባልሏት ከሥሯ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይዞራሉ፤ መስታወቱ ላይ ያለችው ቀስትም ትሄዳለች። የእኔ ሥራ ቀስቷን ቀኑን ሙሉ እየነዳሁ በጣም የደቀቁ ነጥቦችን መምታት ነበር። ጣቴ ቀጭን ነው፤ ታይፕ እችላለሁ፤ ከምስር ጠጠር መልቀም ደግሞ ከልጅነቴ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እነሱ ፔርሚ የሚሉት፣ ሊያበቃ አንድ ወር ቀርቶታል። የሚታደሰው አሠሪዬ «ይህን ሥራ ያገሬ ሰው አይሠራልኝም» ብለው ከመሰከሩልኝ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ቀስቷ ታመመች። ጠዋት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ታነክሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ግራ አልሄድም ብላ ትገግማለች። ሙሴ ሉሲየን ሞላውን ቀየሩ፤ ኳሷን ቀየሩ፤ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ስድስቱን ብሎን ፈትተው ዘንጎቹን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ግራጫ ነገር ተጠምጥሞባቸዋል፤ ቅባትና የሹራብ ብናኝ።

«ዘንጎቹን የሚያመጣልን ሽማግሌ ነው!» አሉ። «ዘይቱን ሳይጠርግ ነው የሚሸጥልን። ከእንግዲህ አንድም አልገዛውም።»

ሽማግሌው ዘንጎቹን በመሐረብ ጠቅልለው እያመጡ፣ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም የሚሉኝ ሰው ናቸው። ብናኙ የእኔን ሹራብ ቀለም ይመስላል። እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ። ዝም ካልሁ ፔርሚዬን አገኛለሁ። ሙሴ ሉሲየን ግን ስልኩን አነሱ። ስም መዝለል አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ስም መዳን ሌላ።

«ሙሴ ሉሲየን፣ ሽማግሌውን ይተዉዋቸው። ቅባቱ የእኔ ነው።»

«ያንቺ? ከየት የመጣ?»

«ከእጄ። ቅቤ ነው።»

«ቅቤ! የሚበላው?»

«የሚበላው። እኛ አገር ደግሞ ይቀቡታል። እጅ ላይ፣ ፀጉር ላይ…»

ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። መባረሬን እየጠበቅሁ ቦርሳዬን አቀፍሁ።

«ጨው ያለው ነው የሌለው?» አሉ።

«የሌለው።»

«ተመስገን! ጨው ብረት ይበላል።»

ከዚያ ተነሥተው ይንጎራደዱ ጀመር። «ባቡር ውስጥ ዳቦ በቅቤ የሚበላ ሰው በዚያው ጣቱ ይነካታል። እኛ እዚህ ታጥበን፣ አድርቀን… ማንን ነው የምናታልለው?»

እኔም መቼም ተባራሪ ነኝ ብዬ የልቤን ተናገርሁ። «እናቴ በርበሬ ፈጭታ ድንጋዩን ሳትጠርግ እህል አትፈጭም፤ አለዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያነጥስ ይከርማል። የእርስዎን ወፍጮ ግን ማን ይጥረገው? ስድስት ብሎን አለው።»

በሳምንቱ ኳሷን ዙሪያዋን የሚይዝ ቀለበት ሠሩ። በአውራ ጣት ሲያዞሩት ይለቃል፤ ኳሷ መዳፍ ላይ ትወድቃለች፤ ዘንጎቹን በጨርቅ ጠርጎ መልሶ መክደን ነው። እኔም ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ዐርብ ሆን ብዬ ቅቤ ተቀብቼ እንድገባ ታዘዝሁ። በሌሎቹ ቀናት መታጠብ ግዴታ ሆነ።

ወደ ፔርሚው ቢሮ ሙሴ ሉሲየን አብረውኝ መጡ። ሹሙ ብዕሩን አነሣ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቅቤ በተቀባ ጣት ቀስት መንዳት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ሥራ የአገሩ ዜጋ ሊሠራው አይችልም?»

«አራት ዜጋ ሞክረናል» አሉ ሙሴ ሉሲየን። «አራቱም ቅቤውን ይቀቡና፣ ሳይነግሩን ሄደው ይታጠባሉ።»

ሹሙ የገዛ እጁን አየ። ከዚያ ማኅተሙን መታልኝ።

ይህን ለእናቴ ለመንገር ቀን በደብዳቤ ቀጠርን። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ስልክ ቤት ጠበቀችኝ። መስመሩን ሌላ ሰው እንደሚሰማ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የወንድሜን ስም አላነሣንም።

«እማዬ፣ እንድቆይ ተፈቀደልኝ።»

«ተመስገን። ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«መስታወት ላይ ያለች ቀስት በጣቴ እነዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ነጥብ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ነጥብ አለ።»

«ለዚህ ይከፍሉሻል?»

«ይከፍሉኛል።»

«እግዜር ያኑራቸው፤ ልባቸውን አይመልስባቸው። ብርዱስ?»

«እንዳንኮበር ነው።»

«እጅሽ ተሰነጠቀ?»

«አልተሰነጠቀም።»

በመሃል የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ድምፅ ገባ። «ኧረ እማማ! መነጋገሪያውን ቅቤ በቅቤ አደረጉት እኮ! ከፀጉርዎ ራቅ አድርገው ይያዙት!»

«ዝም በል አንተ፤ ልጄን እያናገርሁ ነው» አለች እናቴ። «እና ቅቤያቸው እንዴት…»

ተቋረጠ።

ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም እንደማያየኝ ዞር ብዬ አረጋገጥሁና መነጋገሪያውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።