የጋሼ ክፍሌ ኤም ዋን

ባለፈው ሳምንት ከዘመሮ በተነሣው አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ ሰደፉን ወለሉ ላይ አሳርፎታል። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሰደፉ ወለሉን ጓ ያደርገዋል። ትንሽ ታገስኩ። ከዚያ ብድግ ብዬ ኋላ ሄድኩና ከበግ ነጋዴዎች መሀል ተሸጉጬ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሳቀብኝ።

«አባባ፣ መሣሪያ ይፈራሉ እንዴ?»

«እፈራለሁ» አልኩት። አላመነኝም። ሽበቴን አይቶ በወጣትነቴ ጀግና ቢጤ የነበርኩ አድርጎ ገምቶኝ ይሆናል። ጀግና አልነበርኩም። ጠጋኝ ነበርኩ።

ወታደር ቤት የቆየሁት ሌላው የተኮሰበትን ጠመንጃ እየፈታሁ፣ እያጠብኩና መልሼ እየገጠምኩ ነው። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን፣ ካንድ ካኪ ሱሪ፣ ከጥቂት መፍቻዎችና ካንዲት ማጉያ መነጽር በቀር ምንም ሳልይዝ ወደ መንዝ ተመለስኩ። እናቴ እግሬን አጥባ አልቅሳ ሳትጨርስ ወሬው ሰፈሩን ሞላው፤ ጌታቸው ብረት ያክማል ተባለ። የነከሰ ምላጭ፣ የተሰበረ ሰደፍ፣ አልጎርስም ያለ ምንሽር፣ ሁሉም ደጃችን መጣ። ገብስ የሚያመጣልኝ ነበር፣ ቅቤ የሚያመጣልኝ ነበር፣ ምርቃት ብቻ ይዞ የሚመጣም አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር ሥራውን እወደው ነበር። ብረት አይዋሽም እል ነበር ያኔ። ልጅነት ነው።

ጋሼ ክፍሌን በአገራችን የማያውቃቸው የለም። ገበሬ ነበሩ፤ ደግሞም የደብራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ። የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል፣ ጽናውና ጸናጽሉ በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው። ለጥምቀት መስቀሎቹ ሲወጡ ፀሐዩ ሲያርፍባቸው ዓይን ይወጉ ነበር፤ የሌላ ደብር ቀሳውስት እንኳ እያዩ ይቀኑ ነበር። ሰውየው ንጽሕና ይወዳሉ። ሸማቸው ላይ ጉድፍ፣ አጥራቸው ላይ የተንጋደደ እንጨት አይታይም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቀጥሎ የሚሳሱለት ጠመንጃቸውን ነው። ከንጉሡ ዘመን ጦር የወጣ ኤም ዋን ነበር። ኤም ዋን እንደ ምንሽር በየጥይቱ ማጎረሻውን መሳብ አያስፈልገውም፤ አንዴ ከጎረሰ ምላጩ በተሳበ ቁጥር እየተኮሰ፣ ራሱ እያጎረሰ ይሄዳል። እሳቸው ግን ከሠርግና ከልቅሶ በቀር አይተኩሱበትም። በነጭ ሸማ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ያኖሩታል።

እኔ በተመለስኩበት ዓመት የጓሳ ሣር ተከፈተ። ጓሳ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ለቤት ክዳን ሊያጭድ ይወጣል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። የጋሼ ክፍሌ አንድያ ልጅ ግርማና ጎረቤቱ ታደሰ አብረው ሄዱ። በዘር ጊዜ በድንበር ተጣልተው ታርቀዋል፤ እርቁ ግን ገና ትኩስ ነበር። ጊዜው ያልረጋ በመሆኑ ግርማ የአባቱን ኤም ዋን ያዘ።

ሲመለሱ አንድ አቀበት ላይ ሣሩን ያሸከሙት ፈረስ ጭነቱ ተንጋደደ። ግርማ ገመዱን ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። ታደሰ ጠመንጃውን ተቀብሎ፣ አፈሙዙ ወደ ግርማ አዘንብሎ ሳለ፣ ሰደፉን ድንጋይ ላይ አሳረፈው። ጠመንጃው ጮኸ። ታደሰ ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ እስከ መጀመሪያው ቤት ሮጠ። ሲደርስ ግርማ ሞቷል።

ይህን ሁሉ የተናገረው ታደሰ ነው፤ ሌላ ያየ ሰው የለም። «እጄ ምላጩ ላይ አልነበረም» አለ። ማን ይመነው? የድንበሩን ጠብ ሁሉም ያስታውሳል። የግርማ አጎቶች ደሙን ሊመልሱ ማሉ፤ ታደሰ ሸሽቶ ገዳም ተጠጋ፤ ቤተሰቡ ከብቱን ነድቶ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። ሽማግሌዎች ገቡ። በመጨረሻ ጋሼ ክፍሌ ራሳቸው ቃል ሰጡ።

«ጠመንጃዬ ይፈተሽ። እንከን ከተገኘበት ደሜን ትቻለሁ። ካልተገኘበት ግን ማንም እንዳይማልደኝ።»

ፈታሹም እኔ ሆንኩ። ከሁለቱም ወገን አልወለድም፣ ከዚያም በላይ ሌላ የሚፈታ ሰው አልነበረም።

ታኅሣሥ ነበር፤ ገብሱ ተወቅቶ ገለባው ተከምሯል። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ በላቸው በአውድማቸው ላይ ዝተት አነጠፉልኝ። ሰው ዙሪያውን ከበበ። የግርማ አጎቶች በአንድ በኩል፣ ከታደሰ ወገን የቀሩት ጥቂቶች በሌላ በኩል ቆሙ። ጠላ ቀርቦ ነበር፤ ማንም አልቀመሰውም። ጋሼ ክፍሌ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፈው አመጡና ዝተቱ ላይ አስተኙት። ልጃቸውን የገደለውን ብረት ነው እንዲያ አድርገው የያዙት።

«ፍታው፣ ጌታቸው» አሉኝ። «ምንም አታገኝበትም። ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ጥይት እንደሌለው አረጋገጥኩና መጀመሪያ የአፈሙዙን ውስጥ ወደ ሰማይ አድርጌ አየሁ። ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጥምዝ መስመሮች ስል እንደሆኑ ናቸው።  ይህ ጠመንጃ ብዙም አልተተኮሰበትም፤ ደህና ነው ማለት ነው፤ ታደሰ አለቀለት አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ምላጩንና መዶሻውን የያዘውን ክፍል አወጣሁ። ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ጠመንጃ በተኩስ ሲያረጅ ቀድሞ የሚያልቀው ቦታ ይታወቃል፤ አፈሙዙ ሳይነካ መዶሻውን አንቆ የሚይዘው ጥርስ አያልቅም። እዚህ ግን ጥርሱ ሙልጭ ብሏል። ስል መሆን የነበረበት ጠርዝ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል። ብረቱ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች እንኳ ሊጠፉ ደርሰዋል። በማጉያ መነጽሬ ደጋግሜ አየሁት።

መልሼ ገጠምኩት። ያለ ጥይት መዶሻውን ወደ ኋላ አስያዝኩና እጄን ከምላጩ አርቄ ለሁሉም አሳየሁ። ሰደፉን ከአውድማው ድንጋይ ጋር በቀስታ አጋጨሁት። ቀጭ አለ። መዶሻው ወደቀ።

ከታደሰ ወገን አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ በላቸው «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ቀጭ። የግርማ ታላቅ አጎት ራሱ ይሞክረው ተባለ፤ ሞከረ። በእሱም እጅ ወደቀ።

«በቃ» አሉ አቶ በላቸው። «እግዚአብሔር አሳየን።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሼ ክፍሌ ግን አእምሯቸው ስል ሰው ናቸው። እንደገና አስፈትተውኝ፣ ጎንበስ ብለው ያለቀውን ጥርስ ሲያዩ ቆዩና «ታዲያ ምን በላው?» አሉ። «ብዙ አልተኮስኩበትም። ሳይሠራ እንዴት ያልቃል?»

ገምቼ ነበር። በብረቱ ስንጥቅና በምስማሮቹ ሥር ግራጫ ነገር ተጣብቆ አይቻለሁ፤ በጣቴ ሳሸው ይንኮሻኮሻል። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ደግሞም ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈራኝ ገና አልገባኝም ነበር። ሙያዬ ቀደመኝና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ በምንድነው የሚያጸዱት?»

«በምን ይሆናል? በአመድ ነዋ!» አሉ፤ ለአፍታ የቀድሞው ኩራታቸው ተመለሰ። «የወይራ አመድ በወንፊት እነፋለሁ። ከቆላ በሚመጣው ሎሚ ለውሼ፣ ፈትቼ፣ አንድ በአንድ እወለውለዋለሁ። ልክ መስቀሉን እንደማደርገው። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለደብራችን ንግሥ፣ ምንም ሳላስታጉል ጥርሱ መስታወት እስኪ...»

እዚያ ላይ ቆሙ። እጃቸው አየር ላይ የማይታይ ነገር እያሸ ነበር፤ እሱም ቆመ። ያን ፊት ልገልጸው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። ጥርሱን የበላው ያ አመድ መሆኑ ለሰው ሁሉ ገባው። ነፋሱ ገለባውን ያነሣ ነበር።

ከዚያ ቀስ ብለው «መስቀሉንስ?» አሉኝ። «መስቀሉንም እንዲህ ስበላው ኖሬያለሁ ማለት ነው?»

«ነሐስ ሌላ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር። አልሰሙኝም።

ታደሰ ከገዳም ወጣ። በወጉ መሠረት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ሲመጣ ጋሼ ክፍሌ ድንጋዩን ከትከሻው አወረዱለትና «ተነሣ፤ አንተ ምን አደረግህ?» አሉት። ሰው ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ምን ያለ ደግ ልብ ነው ተባለ። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ዓይናቸውን አይቻለሁ። ደግነት አልነበረም። ይቅር የሚሉት ሰው አጥተው ነው።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለቄሱ መለሱ። በዚያ ዓመት ጥምቀት መስቀሎቹ ደብዝዘው ወጡ። ጋሼ ክፍሌ ከቤት መውጣት ተዉ፤ የግርማ አጎቶች ሊያጽናኗቸው ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሕመማቸው ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ታደሰም ይቅር ከተባለ በኋላ አገሩ ላይ መቀመጥ አልሆነለትም፤ የግርማን እናት በመንገድ ባገኘ ቁጥር ወደመጣበት ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ሄደ፤ የት እንደደረሰ እስከዛሬ አልሰማንም። እኔም መፍቻዎቼን ለአንድ ወፍጮ ቤት ሰው ሰጥቼ ወደ እርሻዬ ገባሁ።

እትዬ አስካለ፣ የግርማ እናት፣ ዛሬም በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። እኔም ሸምግዬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ አልፎ አልፎ እሄድና እጠይቃቸዋለሁ፤ እንጨት እፈልጥላቸዋለሁ። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም ነበር። በቀደም የባቄላ አሹቅ አቅርበውልኝ እየበላሁ፣ ድንገት፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ያህል በተረጋጋ ድምፅ ተናገሩ።

«ያን ቀን ባትጠይቀው ኖሮ ክፍሌ አይሞትም ነበር፣ ጌታቸው። የሚጠላው ሰው ነበረው እኮ። በዚያ ጥላቻ ይኖር ነበር።»

 «እትዬ፣ ጠመንጃው ባይፈተሽ ታደሰ ይሞት ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔስ መች ይሙት አልኩ?»

ሰሃኑን በዳበሳ ፈልገው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ብላ እንጂ፤ አልበላህም» አሉ። በላሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የነገሩኝ ልክ ነው፤ እኔ ያልኳቸውም ልክ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ብንሳሳት ኖሮ ምናልባት አንዳችን እንጽናና ነበር።