ከአባቴ በስተግራ

ኮምጣጤ የጠጣ ጥቅል ጎመን ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ለብዙ ሰው ደስ አይልም፤ እኔን ግን ባለፈው እሑድ፣ ልጄ ሜሮን ክንዴን ይዛ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በተሠራው አዲስ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ምግብ ቤት ስታስገባኝ፣ ገና በሩ ላይ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ። «የጀርመን ቡፌ ነው፣ ትወጂዋለሽ» ብላ ነው ያመጣችኝ። የምወደውንና የማልወደውን ከእኔ በላይ የምታውቅ ይመስላታል፤ በዚህኛው ግን ምን እንደምታደርገኝ አላወቀችም። ውስጡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ግራና ቀኙ አግዳሚ ወንበር ነው፤ የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይበላል። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሜሮን «አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ብላ ሰሃን ይዛ ተሰለፈች። እኔም ተቀመጥኩና ቦርሳዬን በስተግራዬ አግዳሚው ላይ አኖርኩት። ቦታ እንደያዝኩ ያስተዋልኩት ቦርሳውን ካኖርኩት በኋላ ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ልናዘዝ፤ እኔ ቀናተኛ ነኝ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጄ ስለ መሥሪያ ቤት አለቃዋ ደግነት ስታወራ ሴትዮዋን ሳላያት ጥርሴ ውስጥ ትገባለች። ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። እናቴ ቅናት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ አባቴም ቢሆን ሰው የሚቀናበት ዓይነት ሰው አልነበረም፤ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በማትይዝ ሱቅ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚውል፣ ዝምተኛ ሰዓት ሠሪ ነበር። ልጆቹ ስድስት ነን። አንድን ዝምተኛ አባት ለስድስት መካፈል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያየ ነው፤ ማታ ሲመጣ አንዱ እግሩ ላይ፣ አንዱ ትከሻው ላይ፣ አንዱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ እኔ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ «አንቺ ትልቅ ነሽ» ተብዬ ቆሜ አያለሁ። የዚህ ሁሉ ካሣዬ እሑድ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ እኔን ብቻ ይዞ እትዬ አስካለ ቤት ምሳ ይበላል።

እትዬ አስካለ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ዘንድ ለብዙ ዓመት ወጥ ቤት ሆና የኖረች ሴት ናት። ሰዎቹ አገራቸው ሲገቡ ሰሃኖቻቸውንና አንድ እንደ ባቡር የረዘመ ጠረጴዛ ትተውላት ሄዱ፤ እሷም ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ተከራይታ፣ ጠረጴዛውን ዘርግታ፣ ሰፈሩ «ጀርመን ቤት» የሚለውን ምግብ ቤት ከፈተች። ምግቡን በትልልቅ ድስት ግድግዳው ሥር ትደረድረዋለች፦ ድንች ሰላጣ፣ ያ ኮምጣጣ ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ቋሊማ። ቋሊማው ፊት የደረሰ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የምንድን ነው?» ሳይል አያልፍም፤ እሷም በጭልፋዋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመለከተች «የበሬ ነው፣ ጊዮርጊስ ምስክሬ!» ትላለች። በየሳምንቱ ያው ሰው ያንኑ ይጠይቃል፤ በየሳምንቱ ትምላለች።

ሥርዓቱን ከፈረንጆቹ እንዳለ ነው ያመጣችው፤ ሁሉም የራሱን ሰሃን ይዞ ይነሣል፣ የራሱን ያነሣል፣ ክፍት ቦታ ባገኘበት ይቀመጣል፤ ቦታ መያዝ ክልክል ነው። የእኛ ሰው ግን ሥርዓቱን በአንድ ወር አበላሸባት። በቀበሌ የስኳር ሰልፍ ላይ በክርን የሚደቋቆሰው ያው የአራዳ ሰው፣ እዚህ ሰሃን ሲይዝ መልአክ ይሆናል፤ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉማ»፣ «በሞቴ» ሲባባል ሰልፉ ቆሞ ድስቱ ይቀዘቅዛል። አባቴ በዚህ የከፋ ነበር። አሥር ሰው አሳልፎ፣ አሥራ አንደኛውን ደግሞ ከበር ጠርቶ ያስቀድማል። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ሲቀመጡም ያው ነው፤ የራሱን ሰሃን ይዞ ከማያውቀው ሰው ጎን የተቀመጠ ሁሉ ዝም ብሎ መጉረስ ነውር ሆኖበት «እንብላ» ይላል፣ ያኛውም «አብረን» ይላል፣ ከዚያ ከዚህ ሰሃን ወደዚያ ሰሃን እጅ ይዘረጋል፤ ምሳው ሲያልቅ ማን የማንን እንደበላ አይታወቅም። እትዬ አስካለ «ጀርመኖቹ ይህን ቢያዩ ጠረጴዛውን ይወስዱብኝ ነበር» እያለች ትስቃለች።

አባቴ ሹካ አይይዝም። «በሹካ ጉርሻ አይሆንም» ይላል። የሰዓት ጥርስ በሚያነሱ በእነዚያ ቀጫጭን ጣቶቹ ቋሊማውን ከዳቦው ጋር ይቆርስና፣ ጎመኑን አናቱ ላይ አድርጎ፣ ጫፉን በሰናፍጭ ነክቶ፣ ጥንቅቅ ያለች ትንሽ ጉርሻ ይሠራል። የመጀመሪያዋ የእኔ ናት። ጣቱ የሰዓት ዘይት ይሸታል፤ እኔ እስካሁን ቋሊማ የሚጥመኝ ያ ሽታ ሲኖርበት ነው። በሳምንት ውስጥ ባሉት ቀናት ሁሉ ለዚያች ጉርሻ ስል ትልቅ ሆኜ እኖራለሁ።

አንድ እሑድ ጥቁር የለበሰች ሴት በእኔ ዕድሜ ያለች ልጇን ይዛ መጣች። ክፍቱ ቦታ ከአባቴ በስተግራ ነበርና እዚያ ተቀመጡ። ልጅቱ ሰብለ ትባላለች። ፀጉሯ እንደ እኔ አልተጎነጎነም፣ ጫማዋም ከእኔ አይሻልም፤ እጇ ላይ ግን እስከ ክርኗ ድረስ የሚንሸራተት ትልቅ የወንድ ሰዓት አስራለች። አባቴ ሰዓት ሲያይ ዝም አይልም። ወደ ጆሮው አስጠጋና «ቆሟል እኮ» አላት። እሷም «የአባዬ ነው» አለች፤ እናትዮዋ አንገቷን ደፋች። በዚያን ዘመን ጥቁር የለበሰ ሰው ብዙ አይጠየቅም። አባቴ እጁን ወደ ሰሃኑ መለሰና ጉርሻ ሠራ፤ ጎመኑን አናቱ ላይ አደረገ፣ በሰናፍጭ ነካ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ጉርሻዋ በአፍንጫዬ ፊት አልፋ ሰብለ አፍ ውስጥ ገባች።

ሰው ይህን አንብቦ ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን አፌን ከፍቼ የቀረሁባትን ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሁለተኛዋ ጉርሻ ለእኔ መጣች፣ ዋጥኳት፣ አልቀመስኳትም። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ያው ሆነ፤ እነሱ በግራው፣ እኔ በቀኙ፤ የመጀመሪያዋ ለሰብለ፣ ሁለተኛዋ ለእኔ። ደግሞ ይባስ ብሎ ያ ቤቱ ገብቶ ቃል የማይተነፍስ አባቴ ለእሷ ያወራል፤ ሰዓት ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ፣ ሰዓት ለምን እንደሚደክም፣ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ሁሉ። እሷ ትስቅለታለች። እናቷም ፈገግ ማለት ጀመረች። እኔ ፊቴን ቋጥሬ የሰናፍጩን ዕቃ አያለሁ። በአራተኛው እሑድ አባቴ የሰብለን ሰዓት ፈታና «ለሳምንት ሠርቼ፣ ማሰሪያውንም ለእጅሽ ልክ በስቼ አመጣልሻለሁ» ብሎ በደረት ኪሱ ከተተው። የሰዓት ሠሪ የበኩር ልጅ ሆኜ እጄ ላይ ሰዓት ታስሮ አያውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ሰዓት ላይ ሲደክም አየሁት። ሱቁ ስለማይበቃው ቤት ይዞት መጥቶ፣ ታናናሾቼን «ዘወር በሉ» ብሎ፣ ማታ ማታ አምፖሉ ሥር ተጎነበሰበት። ቅዳሜ ሰዓቱ መሄድ ጀመረ። ጆሮዬ ላይ አስጠግቶ አሰማኝ፣ ደስ ብሎት። ጆሮዬን የቆነጠጠኝ ያህል ቆጠርኩት።

እሑድ ጀርመን ቤት ሞልቶ ጠበቀን። ከተቀመጥንበት በስተግራ ያለችው ቦታ ብቻ ክፍት ቀረች። አባቴ ሰሃኖቻችንን ይዞ ተነሣና እንደ ልማዱ አንዱን ሽማግሌ «እርስዎ ይቅደሙ» እያለ ሰልፉ ውስጥ ተዋጠ። እኔ ሹራቤን አወለቅሁና ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋሁት። ወዲያው ሰብለና እናቷ ገቡ። ሰብለ እየሮጠች መጥታ ሹራቤን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ «ሰው አለበት» አልኩ። እናትዮዋ ደርሳ ነበር። «ለማን ነው የኔ ልጅ?» አለችኝ በጣም በለዘበ ድምፅ። «አላውቅም፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ያለው አባዬ ነው» አልኳት።

እናትዮዋ ቀና ብላ አባቴን ፈለገችው። ጀርባውን ሰጥቶን ከሽማግሌው ጋር ይሳሳቃል። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ሰብለ በሩ ላይ ዞር አለች፤ ያየችው ግን እኔን አልነበረም፣ የአባቴን ጀርባ ነበር። አባቴ ሰሃኖቹን ሞልቶ ሲመለስ ሹራቤን ለብሻለሁ። «እነ ሰብለ አልመጡም?» አለኝ። «አልመጡም» አልኩት። ደረት ኪሱን ዳሰሰና ተቀመጠ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ለእኔ መጣች። ጣፈጠችኝ፤ መዋሸት አያስፈልገኝም፣ በጣም ጣፈጠችኝ።

በሚቀጥለው እሑድም አልመጡም፣ በሚቀጥለውም። አባቴ ሠራተኛ ሰፈር ነው የሚኖሩት ሲባል ሰምቶ ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ ፈለጋቸው፤ ቤት ለቀው ሄደዋል አሉት። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጀርመን ቤት ስንገባ ባርኔጣውን ያወልቅና ከጎኑ በስተግራ አግዳሚው ላይ ያኖረዋል። ቦታ መያዝ የማትፈቅደው እትዬ አስካለ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ እንኳ፣ በባርኔጣው አጠገብ ሳትናገር ታልፋለች። ያን ቀን ከድስቶቿ ጀርባ ሆና አይታኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ ነግራው ይሁን አይሁን ግን እኔ ፊት ትንፍሽ አላለችም። አባቴም አልጠየቀኝም። ጉርሻዬን አላጓደለብኝም። ግን ከዚያ በፊት ሲያጎርሰኝ ዓይኔን ያይ ነበር፤ አሁን በሩን እያየ ያጎርሰኛል። እኔም፣ ሞኝ ነኝና፣ በባርኔጣው ቀናሁ።

ሰዓቱን በየማለዳው ይሞላው ነበር። የራሱን ሰዓት ሳይሞላ የሰብለን ይሞላል፤ እሑድ ሲሆን ኪሱ ይከተዋል። ጀርመን ቤት ተዘጋ፣ እትዬ አስካለ ዐረፈች፣ እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ እሱ መሙላቱን አልተወም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካረጀ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ሰዓት ሠሪ የሰው ሰዓት ይዞ አይቀርም» ሲል ሰማሁት። ሊሞት ሰሞን ስድስታችንን ሰብስቦ ያለችውን ትንሽ ነገር አከፋፈለ፤ እኔን አቆይቶ ብቻዬን ጠራኝና ያንን ሰዓት መዳፌ ላይ አኖረው። «ባለቤቷ ስትመጣ ትሰጫታለሽ» አለኝ። ዓይኔን ዐየኝ። ወንድሞቼና እህቶቼ «ለእሷ ብቻ ለይቶ ሰጣት» ብለው እስከ ተዝካሩ አኮረፉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከእሱ ለእኔ ብቻ የሆነ ነገር ስመኝ ነበር፤ አገኘሁ።

ዶሮ ማነቂያ ዛሬ የለም። ባለፈው ሰሞን ያ ቤት የነበረበትን ቦታ ልለይ ብዬ ሄጄ ሰፊ መንገድና አዲስ የተተከለ ሣር አገኘሁ፤ በረንዳው የት ጋ እንደነበር ለማስላት ከጊዮርጊስ ጉልላት ጀምሬ ብለካም አልሆነልኝም። የአባቴ ሱቅም የለችም። ይህ አዲሱ ቡፌ ደህና ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ቋሊማው የምን እንደሆነ በጽሑፍ ተለጥፏል። ሰልፉም ይፈጥናል፤ የሚያስቀድም የለም። ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ የራሱን ሰሃን ይበላል፤ «እንብላ» የሚል አልሰማሁም።

«ሰው አለበት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል በእኔ ዕድሜ ያለች ነጠላ የለበሰች ሴት ሰሃን ይዛ ቆማለች። አፌ «አዎ» ሊል ነበር፤ ልማድ ነው። ቦርሳዬን አነሣሁና ጭኔ ላይ አደረግሁት። «የለበትም፣ ይቀመጡ» አልኳት። ሜሮን ሁለት ሰሃን ይዛ ስትመለስ ሴትዮዋን አየችና፣ ደግ ልጅ ስለሆነች፣ «እማማ፣ ሰናፍጭ አልያዙም፣ ከዚህ ያንሡ» ብላ የእኔን ሰሃን ሳትሰጠኝ የሰናፍጩን ዕቃ ወደ እሷ ገፋችላት። እዚሁ ደረቴ ላይ፣ በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ያችው የድሮዋ ነገር ቆነጠጠችኝ።

እጇን አየሁ፤ ሰዓት የለውም። በዕድሜዬ ያለች ሴት ባየሁ ቁጥር እንደማደርገው ስሟን ጠየቅኋት። «በላይነሽ» አለችኝ። «እንብላ» አልኳት፤ ደስ ብሏት «አብረን» አለችኝ። ሰዓቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ሞልቼዋለሁ። ሰብለ ባለችበት አንድ ቤት ውስጥ፣ የት እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ የሙት ልጅ ሰዓት ይዞ የቀረ ሰው ነው።