ስምንተኛው ቀይ ክር

ፌኸንሃይም፣ መጋቢት፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

የመጀመሪያው ትራም ገና አልወጣም። ጋሼ ደስታ መኪናቸውን ደጃፌ ላይ አቁመው ይጠብቁኛል። ኦስትሃፈን ወደብ አንድ መጋዘን ነው አብረን የምንሠራው። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት የዓሣ ዘንግ ተጋድሟል፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የጌታቸው።

ጌታቸው ወዳጃቸው ነበር። ባለፈው ጥቅምት ብቻውን ቦደንዜ ሐይቅ ወርዶ አልተመለሰም። ጀልባዋ ሞተሯ ሳይጠፋ፣ ባዶዋን ክብ ስትዞር ተገኘች። "አብሬው ልሄድ ነበር፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ነበረኝ" ይላሉ ጋሼ ደስታ፣ እስከ ሽቱትጋርት ሦስት ጊዜ።

ያ ውሃ ጥልቅና ቀዝቃዛ ነው፤ የሰጠመ አይንሳፈፍበትም። ሚስቱ እትዬ ሮማን እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡም። ጎረቤቶቻቸው በልብሱ እናልቅስ ቢሏቸው፣ ልብሱማ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ እዚያ አልሞተም አሉ። ከውሃው የወጣ አንድ ነገር አምጡልኝ አሉ። ጋሼ ደስታ የብርዱን ወራት ሙሉ ዳርቻውን ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ዛሬ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል።

መንገድ ዳር ማረፊያ፣ ራስትሽተተ ላይ ቆመን የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ በላን። እሳቸው አልጨረሱም።

ሐይቁ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ጭጋግ። ዳርቻው ከኋላችን ጠፋ። አንግልሻይን፣ የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ፣ ያላቸው እሳቸው ስለሆኑ ዘንጉን አልነካም፤ ሥራዬ ሞተሩን መያዝ ነው።

"በእግሩ ከሚሄድ ሰው አትፍጠን። ቀጥ ብለህም አትንዳ" አሉኝ።

ጀልባዋ ስትጠመዘዝ በውስጥ በኩል ያለው ማጥመጃ ይዘገይና ይሰምጣል፤ በውጭ ያለው ይፈጥንና ይነሣል። ትራውት የሚባለው ትልቁ ዓሣ ረጅም መንገድ ዝም ብሎ ይከተላል፤ የሚነክሰው ይህ ለውጥ ሲመጣ ነው። ሲባጎው ላይ በየአምስት ሜትሩ ቀይ ክር ታስሯል። የእርሳስ ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትተው ጋሼ ደስታ ይቆጥራሉ። ስምንተኛው ክር ውሃ ሲገባ አቆሙ። አርባ ሜትር። የጌታቸውንም ዘንግ እንዲሁ አወረዱ።

"የሱ ጥልቀት ነው" አሉ።

ጌታቸው ማጥመጃ የሚሠራው በእጁ ነበር። አንዴ ከሚስቱ ስድስት የሾርባ ማንኪያዎች የአንዱን እጀታ ቆርጦ መንጠቆ አበጀለት፤ በዚህ የተነሣ እትዬ ሮማን ብዙ ቀን አኩርፈውት ነበር። ሲሄድም ያንኑ ይዞ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ የሌላ ሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ እንደኛው ዝግ ያለ፣ ክብ የሚዞር። ጋሼ ደስታን አየኋቸው። እሳቸውም ይሰማሉ። ድምፁ ድንገት ተቋረጠ፤ የጌታቸው ዘንግ ጎበጠ።

ክሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከመጨረሻው ክር በኋላ ክንድ የሚያህል ዓሣ ብርማ ጎን ታየ። የኛ ማጥመጃ በአንዱ መንጋጋው ነው። በሌላው መንጋጋ ሌላ ተሰክቷል፤ የጠቆረ የሾርባ ማንኪያ፣ ጀርባው ላይ ጽጌረዳ የተቀረጸበት፣ የተበጠሰ ሲባጎ የሚጎትት።

ጋሼ ደስታ ሁለቱንም ነቀሉ። ዓሣውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ ውሃው መለሱት።

"ጌታቸው ያለበትን ያውቃል" አሉ። "ይሂድ።"

ኡንተርሊደርባህ፣ እትዬ ሮማን ቤት፣ ምሽት

እትዬ ሮማን ማንኪያዋን ተቀብለው ወደ ኩሽና ገቡ። መሳቢያ ከፈቱ፤ አምስት ማንኪያ። አንዷን ገልብጠው ጽጌረዳዎቹን አስተያዩ።

"ለዚች ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኩት።"

ከዚያ ሳሎን ገብተው ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፉት።

"ጋሼ ደስታ፣ ፍራሹን ከአልጋው ያውርዱልኝ።"

ወለሉ ላይ አነጠፍነው። ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን።