ያልመለስኳቸው ሁለት ነጥቦች

ጁባ ውስጥ፣ ና ባሪ የሚባል ሰፈር ሳለሁ ከጎረቤቴ የሚለየኝ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። ልጅነቱን ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያሳለፈ ደቡብ ሱዳናዊ ነው። ቤቱ ላይ አንቴና ዘርግቶ በአማተር ሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር ማውራት ሱሱ ስለሆነ፣ እኔን የካስተም ገበያውን ሐበሻ ነጋዴ ሞርስ ካላስተማርኩህ እያለ ያደርቀኝ ነበር። ሞርስ በምት የሚነገር የቆጣቢዎች ቋንቋ ነው፤ ለመልካም ምኞት ሰባ ሦስት ቁጥር ይበቃል። ሲሰነባበቱ አንዱ ሁለት ነጥብ፣ ማለትም ሁለት አጭር ምት፣ ይመታል፣ ሌላውም ሁለት ይመልሳል። "ሳይመልሱ መቅረት ነውር ነው" ይለኛል። እኔ ላናድደው ስል አልመልስም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ስልክ ጠፋ፣ የእሱን ጎሳ ሰዎች ቤት ለቤት ማደን ተጀመረ። የአንቴናውን ሽቦ አውርደን ልብስ ማስጫ አደረግነው። እሱ ቤቱን ዘግቶ ተደበቀ፤ ድምፃችን እንዳይሰማ ቆርቆሮውን በጥፍር እየመታን እናወራለን።

አንድ ረፋድ ላይ፣ በጓሮ ወጥቶ ወደ ተመድ ሰላም አስከባሪዎች ግቢ ሊሮጥ እንደሆነ መታልኝ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ታጣቂዎች እየመጡ ነው። "ጠብቅ" የሚለውን ምልክት መታሁ። በሞርስ ወግ ጠብቅ የተባለ ሰው እስኪጠሩት ድረስ ዝም ይላል።

ታጣቂዎቹ ለቤት ያኖርኩትን ለስላሳ አስከፍተውኝ ደጄ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ቆርቆሮውን ተደግፎ "ጃር ታኪ ወን?" አለኝ። በጁባ አረብኛ ጎረቤትህ የት ነው ማለቱ ነው።

"አና ማ አሩፉ" አልኩ፤ አላውቅም።

ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ተመታ። ሰውየው ዞሮ አየኝ።

"ቆርቆሮው ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል" አልኩት። ቆርቆሮውን ገልመጥ አደረገና ለስላሳውን መጠጣት ቀጠለ። እጄ ከቆርቆሮው ስንዝር አይርቅም፤ ግን ብመልስ ሁለታችንም ማለቃችን ነው። አልመለስኩም።

ሲሄዱ ደጋግሜ መታሁ፤ የሚመልስ የለም። ዞሬ ባይ የቤቱ የኋላ አጥር ተቀዷል። ጠብቅ ስልህ ምናለ ብትጠብቅ ብዬ ተናደድኩበት። ከዚያ በኋላ ሞቷል የሚሉኝ ሰዎች በዙ፤ አላመንኩም ማለት ግን አልችልም።

ክረምት ላይ ካስተም፣ ከኡጋንዳ የመጣ ሽንኩርት ሳስወርድ ስልኬ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። አነሳሁት፤ የሚያወራ የለም። ቆይቶ ሁለት ጊዜ ተመታ።

የጭነት መኪናው ጎማ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እንባዬ እየወረደ ስልኩን በጥፍሬ ሁለቴ መታሁ።

"ያ አኩይ" አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ "ምነው ይህን ያህል ዘገየህ?"