በጥርሱ የሚጫወተው

የልጅ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ጎረምሳ ተንበርክኮ የጊታሩን ክር በጥርሱ ሲቦጭቅ አሳየችኝ። «እማማ፣ የሮክ ንጉሥ እኮ ነው!» አለች። ስልኩን በእጄ ገፋሁት። በጥርሱ የሚጫወት ሰው፣ እናቷም ሳትወለድ፣ እዚሁ ዳንግላ አይቻለሁ።

ልጅ ሳለሁ እኛ ዘንድ ሙሽራ የምትሸኘው በፈረስ ነበር። የታላቅ እህቴ የየሽወርቅ ሰርግ ዕለት የአባቴ ዳማ ፈረስ አጊጦ፣ ግቢው በፈረስ ላብና በጠጅ ታውዶ፣ እኛ ልጆች የቀርከሃው አጥር ላይ ተንጠላጥለን ነበር። ሙሽራ ስትወጣ ክራር የሚመቱት ጎረቤታችን አያ ተገኘ ናቸው። ሲመቱ ዓይናቸው ከፈረሱ ጆሮ አይነቀልም። ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠፈ ጣታቸውን ያለዝባሉ፤ ቀጥ ካለ ሞቅ ያደርጉታል። እኔ ያኔ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር።

የሙሽራው የአጎት ልጅ ግን ከአዲስ አበባ ጊታር ይዞ መጣ። በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ሣጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያም አለው። ጥሬ ሥጋውን በልቶ፣ ጮማው ከከንፈሩ ሳይደርቅ፣ ጊታሩን ወደ አፉ አንሥቶ ክሩን ነከሰው። ምራቁ በክሩ ላይ ተዝለገለገ። እናቴ ፊቷን አዞረች። «ወግድ! ይሄ ይጫወታል ወይስ አጥንት ይግጣል?» አለች። እኛ ልጆች ግን አበድን። ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ፤ «ድገመው! በጥርስህ ድገመው!»

እህቴ ፈረሱ ላይ ወጣች። አያ ተገኘ ክራራቸውን ሲያነሡ ሰውየው ከለከላቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ዛሬ ይረፉ፤ እኔ እሸኛታለሁ።»

«ሸኛት ልጄ፤ ብቻ ፈረሱን እያየህ።»

«እኔ ለፈረስ አልጫወትም!» ብሎ ሳቀ። እኔም ከአጥሩ ላይ አሁንም «በጥርስህ!» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። አያ ተገኘ ልጓሙን ለመያዝ ሲሮጡ ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። እህቴ ወደቀች፤ የክንዷን ስብራት ድምፅ ሰማሁት። ግቢው በዋይታ ተሞላ። ያ ሰው ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ? «የድምፅ ማጉያውን ገመድ ማነው የነቀለው?» እስከ ዛሬ ሳስበው ምራቄ ይመርራል።

ወጌሻው ክንዷን ሲጎትት አያ ተገኘ አጠገቧ ቁጭ ብለው ክራራቸውን መቱላት። ዓይናቸው ከፊቷ አልተነቀለም። ጥርሷን ስትነክስ ያለዝባሉ፤ ስትተነፍስ ሞቅ ያደርጋሉ። እህቴ እንባዋ እየወረደ አንዴ ፈገግ አለች። ትልቅ ተጫዋች ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ያን ዕለት ነው፤ ያውም የእህቴ ክንድ ከተሰበረ በኋላ።

ዛሬ በከተማችን ድምፅ ማጉያ የሌለው ቤት የለም፤ ባጃጁም ሳይቀር ይጮኻል። ጣቱ የፈጠነ ሞልቷል፤ የሚሰማውን ሰው ፊት የሚያይ ግን የት አለ? የልጅ ልጄ «እህ፣ ታዲያ ይሄኛውስ?» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። የስልኩ ጎረምሳም ዓይኑ ጭፍን ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው የሽወርቅ በጠማማ እጇ ስልኩን ደፋችውና፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ «ያን ዕለት ከአጥሩ ላይ ድገመው ሲል የነበረው የማን ልጅ ይሆን?» አለች። እኔም እንደ ሁልጊዜዬ ዓይኔን ከክንዷ ላይ አነሣሁ።