አጭር ካቴና ዳገት ላይ

ብስክሌት ጠጋኙ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ሱቁ ሦስት ሜትር በአራት ናት። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ቅርጹ በጥቁር ቀለም ስለተሳለ፣ አንዱ ቢጎድል በሩ ላይ ቆሞ ያውቃል።

በየሁለት ወሩ አራት ሆነን ወደ ተራራው እንወጣለን፦ እሱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሒሳብ አስተማሪዋና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እኔ። ጉዞ ሊኖረን ሲል አራቱንም ብስክሌቶች አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይፈትሻል። የጨረሰው ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ምልክት ያረፈበትን ዳግመኛ አያየውም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቶ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት የቀኝ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ስምንት ወር ሙሉ ፔዳል አልረገጠም። ልመለስ ሲል ነርስ የሆነችው ባለቤቱ ፊት ለፊት አስቀምጣ ቃል አስገባችው።

«እስከ አናቱ እየነዳህ ከወጣህ አፌን እይዛለሁ። አንዲት እርምጃ እየገፋህ ከሄድክ ግን ከዚያ ወዲያ ዳገት የምታየው ከኔ ጋር ነው፣ በመኪና መስኮት።»

«ይሁን» አለ። ለሚስቱ አይዋሽም። ልሞክር ቢልም ጆሮው ስለሚቀላ አይሆንለትም።

እኛ ፈራንለት። የኋላው ጥርስ፣ ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ፣ ትልቅ በሆነ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ዳገት ግን ይቀላል። የሱ ትልቁ ባለ ሃያ አምስት ነበር። «ሠላሳ አራት አስገባበት ጋሼ» አልነው።

«እሱ የሽማግሌ ጥርስ ነው። የኔ ገና አልረገፈም።»

ስለዚህ ሳንነግረው ልንቀይርለት ተስማማን። በጉዞው ዋዜማ ፍተሻውን ጨርሶ ለጉልበቱ ቀጠሮ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ባለቤቱ የሱቁን ቁልፍ ሰጠችን። «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብላ ጀርባዋን አዞረች። ልብስ ሰፊው አሮጌውን ጥርስ ፈታ፣ አስተማሪዋ አዲሱን አሰረች፣ እኔ ባትሪ አበራሁ። መፍቻዎቹን በየቅርጻቸው ላይ መለስን። የጠመኔው ምልክት እንዳይጠፋ የተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ፤ በዚህም ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ምልክቱን አየና ወጣበት።

ሜዳውን በትንንሾቹ ጥርሶች ሲነዳ ምንም አልታወቀውም። ዳገቱ ጀመረ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ማርሹን ወደ ትልቁ ጣለው። ካቴናው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ማርሽ መቀየሪያው ወደ ፊት ተሳበና ብስክሌቱ ባለበት ቀጥ አለ። ጋሼ ግራ እግሩን መሬት ላይ ተከለ።

ወርዶ ተንበረከከ። ጥርሱን በአውራ ጣቱ ጥፍር አንድ በአንድ ቆጠረ። ሠላሳ አራት ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሁላችንም ነን» አለች አስተማሪዋ።

«ካቴናውንስ ማን ለካው?»

የለካው አልነበረም።

«አስተማሪዋ፣ ሒሳብ ነው አይደል የምታስተምሪው? ክብ ሲሰፋ ዙሪያው ምን ይሆናል?»

«ይጨምራል ጋሼ።»

«ጎሽ! አንተስ፣ ደንበኛህ ሲወፍር ቀበቶውን ምን ታደርጋለህ?»

«አስረዝማለሁ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጫማውን እያየ።

እኔን አይቶ ብቻ ተወኝ፤ እሱ ይብሳል።

ልብስ ሰፊው ከቦርሳው በሽርጥ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አሮጌው ጥርስ ነው። «ብትናደድ ብዬ ይዤው ነበር። ከፈለግክ እዚሁ እንመልሰው።»

ጋሼ ጥርሱን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። ከዚያ ወደ ላይ አየ። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፤ ገና ሰባት ኪሎ ሜትር አለ። ቀኝ ጉልበቱን ቀስ ብሎ አሸት አሸት አደረገ። ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቶናል፦ በሃያ አምስቱ ከሄደ መሃል ላይ ወርዶ ይገፋል፣ በሠላሳ አራቱ ከሄደ ደግሞ ስምንት ወር ሲሸሸው የከረመውን እርጅና ሊያምን ነው።

ጥርሱን ለልብስ ሰፊው መለሰለት።

«አስቀምጠው» አለና የመሣሪያ ቦርሳውን ፈታ። ከትራፊ ካቴና አራት ዐይን ቆረጠ፣ አጭሩን ካቴና ከፈተ፣ ቀጠለ፣ ፔዳሉን በእጁ አዞረ። ትልቁ ላይ ጣለው፤ ላላ ብሎ ዞረ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። «ስትለግሱኝ እንኳ ጎዶሎ!» አለ፣ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

ቀሪውን ዳገት በሰው እርምጃ ፍጥነት ወጣው። አንዲት ሴትዮ እንጨት ተሸክማ አለፈችው፤ «በርቱ አባቴ» አለችው፣ «እሺ እናቴ» አላት። በመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ላይ መንገዱን ከዳር ዳር እየቆረጠ፣ ጥርሱን ነክሶ ነዳ። አስተማሪዋ «አይዞህ ጋሼ፣ አንድ መቶ ቀረ፣ ሰማንያ...» እያለች ስትቆጥር፣ «ዝም በይ፣ ትንፋሼን ልስማበት!» አላት። አናቱ ላይ ሲደርስ ሳይወርድ መሪው ላይ ተደፋ። እኛም ላብ ነው ብለን ፊታችንን ጠረግን።

ለባለቤቱ ደወለ።

«ደረስኩ። መሃል ላይ ለጥገና ቆሜ ነበር። አልገፋሁም።»

«ጉልበትህስ?»

«ያመኛል።»

«እንግዲህ ማታ በረዶ እይዝልሃለሁ። ስትወርድ ቀስ በል።»

ከመውረዳችን በፊት እንደ ልማዱ የሁላችንንም ፍሬን ጨበጥ እያደረገ ሞከረ። የራሱ ጋ ሲደርስ ቆመና ብስክሌቱን ወደ አስተማሪዋ ገፋ አደረገላት።

«የኔን አንቺ እይው።»

ጎንበስ ብላ ጎማውን ተጫነች፣ ፍሬኑን ጨበጠች፣ ካቴናውን ሁለት ጊዜ አየች። «የኋላው ፍሬን ትንሽ ላልቷል ጋሼ።»

መፍቻውን አቀበላት። እስክታጠብቀው ድረስ ሳያርማት ቆሞ ጠበቃት።